በደረጃ

ሃያ ስድስት ዓመት ሰው ሳወጣ ሳወርድ፣
እኔ ግን ተቀምጬ፣ ወንበር ላይ፣ እንደ ግንድ፣
ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ ዳገት፣
ገመድ በሚጎትተው በእንጨት አሳንሰር ቤት፣
አስተማሪ፣ መርከበኛ፣ ዓሣ ሻጭ ከነቅርጫቷ፣
ድመቷን ያቀፈች አሮጊት፣ ሙሽራ ከነእናቷ፣
ሁሉን አወጣሁት፤
ዳገቱን ግን በእግሬ አንድም ቀን አልወጣሁት።

ደሞ ከወንበሬ ሥር፣ እንደ ታማኝ ውሻ፣
ሁለት ሊትር ለስላሳ እስከ ቀኑ መጨረሻ፤
ከቀትር በፊት ዳቦ፣ ከቀትር በኋላ ዳቦ፣
ሻዬም አራት ማንኪያ ስኳር ተደራርቦ፤
ማታ ሲመሽ ደግሞ ከኡምቤርቶ ጋሪ፣
ቋሊማ በዳቦ፣ ማዮኔዝ ጨማሪ።
ወይን አልቀምስ፣ ቢራ አላውቅ፣ ጉበቴ እንዳይነካ፤
ጠላቱ በዳቦ ተጠቅልሎ ኖሯል ለካ።

ለዓመቱ ምርመራ ክሊኒክ ሄድኩ ጠዋት፤
ሸሚዜን ገለጥኩኝ፤ ቀባችኝ ቀዝቃዛ ቅባት።
ያስና ትባላለች፤ ስክሪኑን እያየች፣
እንደ ሞራ ገላጭ ውስጤን አነበበች።
በበግ ሞራማ፣ አሉ፣ ዝናብ፣ ጦር ነው የሚታይ፤
የኔ ትንቢት ግን ነበር ከራሴው ሞራ ላይ።

«ዶን ሳቱርኒኖ፣ ይኸው፤ ይሄ ነጭ ነጭ የሚለው፣
ደመና እንዳይመስልዎ፤ ጉበትዎ ነው፣ ጮማ የለበሰው።»
«ያማል?» አልኳት። «አያምም። እሱ ነው ክፋቱ፤
ጉበት አያለቅስም እስኪደርስ ሰዓቱ።»
«መድኃኒቱስ?» «ለጊዜው፣ እግርዎ ነው» አለች፤
«አፍዎና እግርዎ።» ቅባቱን ጠረገች።
«ከመቶ ኪሎዎ ሰባት፣ ስምንት ቢቀልል ይበቃል፤
ጉበት ይቅር ባይ ነው፤ መመለስ ያውቃል።»
«ባንድ ጊዜ አይደለም፤ በደረጃ» ስትለኝ፣
ቃሏን ሰማሁት እንጂ ነገሩ መች በራልኝ!

ቤቴ ስገባ ለኔልዳ ምንም አልነገርኳት፤
ጠርሙሷን ደብቄ፣ እንደ ውሽማ ጠጣኋት።

ሦስት ሳምንት።
          ከዚያ አንድ ምሽት መብራት ጠፋ፤
አሳንሰሩ ቆመ፣ ሰውም ወጣ እየተጋፋ።
ቤቴ ከላይ፣ እኔ ከታች፤
በመካከላችን ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ፤
ለቱሪስት ሥዕል ነው፤ ለኔ ግን ማስረጃ።

ሠላሳኛው ላይ ቆምኩ። ሳል። ግድግዳ ተደግፌ፣
ከአንዱ የቀለም ዓሣ ጋር፣ እንደሱ ተከፍቶ አፌ።
ሰማንያው ላይ ተቀመጥኩ።
አንዲት ተማሪ አለፈችኝ፣ እየዘለለች በሁለት በሁለት፤
«አባባ፣ አሳንሰሩ ነው፣ ወይስ እርስዎ የተበላሹት?»

ኔልዳ በሩን ስትከፍት ላቤ ነገራት ሁሉን፤
ምንም አላለችም፤ አነሳች ስኳሩን።

መጀመሪያ ሻዩ የቦይ ውሃ ሆነብኝ፤
በሁለተኛው ወር ግን ቅጠሉ ራሱ አናገረኝ።
ምስር በካሮት፣ ሰርዲን ከወደቡ፣ የወይራ ዘይት ጠብ፤
ዳቦውም ከአራት ወደ አንድ (እሱስ በስንት ጠብ!)።
የኡምቤርቶን ጋሪ በማዶ አልፋለሁ፤
ደሞዝ የወጣ ዕለት ግን፣ ልዋሽ እንዴ፣ እቆማለሁ።
ጠዋት ከቤት ስወጣ ሩብ ሰዓት ቀድሜ፣
እወርዳለሁ በእግሬ፤ ማታም ሽቅብ፣ ከነድካሜ።

በስምንተኛው ወር ተመለስኩ፤ ያው ቅባት፣ ያው ብርድ፤
ሰባት ኪሎ ሄዷል፣ እኔ ስወጣ እሱ ሲወርድ።
ያስና ዝም አለች፣ ወደ ስክሪኑ ጠጋ፤
ደመናው ሳስቷል፣ ጠርዙ ላይ ሊነጋ።
«ገና ነው» አለችኝ፣ እጇን እያበሰች፤
ፈገግታዋን ግን አልደበቀች።

ዛሬ ሰኔ ነው፤ የኛ ክረምት፤ ደረጃው ያዳልጣል፤
መቶ ሠላሳው ላይ ቆሜ፣ ከታች መርከብ ይጮኻል።
አሳንሰሩ በጎኔ አለፈ፤ ተረኛው ልጅ በመስኮት አንገቱን አወጣ፦
«ዶን ሳቱርኒኖ፣ ይግቡ እንጂ!»
                    «ሂድ አንተ፤ ተወኝ፣ ልውጣ።»

ቀኝ ጎኔን ነካሁት፣ ከጎድኔ ሥር፦
«ሰማህ?» አልኩት። ዝም አለ። ዝምታ ነው የሱ ነገር።

መቶ ሠላሳ አንድ።